ሚኒሞ 1,500 ላይ ቆሞ አልወርድ ሲል

ጠያቂ፦ የ1994 ሞዴል ኮሮላ፣ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር፣ ማኑዋል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ከ1,500 አይወርድም። «የአዲስ አበባ ከፍታ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መላሽ 1፦ ከፍታ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ሚኒሞ አይጨምርም። ሲሞቅ 800 አካባቢ መሆን አለበት። መጀመሪያ የነዳጅ መስጫውን ገመድ እይ፤ ተወጥሮ ከሆነ አላላው። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን ቱቦ አውልቅና ሞተሩ እየሠራ ከስሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከሚከፍትና ከሚዘጋው) በር ፊት ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በጣትህ ድፈን። ሚኒሞው ከወረደ ጥፋቱ የአይድል ቫልቩ (ሚኒሞውን የሚቆጣጠረው የአየር ቫልቭ) ነው፤ ፈትተህ በካርቡሬተር ማጽጃ እጠበው፣ ጋስኬቱን (ማሸጊያውን) ቀይር። ካልወረደ አየር በሌላ በኩል እየገባ ነው፤ የፍሬን ሰርቮውን (የፍሬን አጋዡን) ቱቦና አየር ለሲሊንደሮች የሚያከፋፍለውን የማኒፎልዱን ጋስኬት ፈትሽ። ጥርጣሬ ያለበት ቦታ ላይ ውሃ እርጭ፤ ድምፁ ከተለወጠ አገኘኸው። ቤንዚን እንዳትረጭ፣ እሳት ነው!

መላሽ 2፦ ከዚያ ሁሉ በፊት ራዲያተሩን፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ክፈትና ውሃው ሙሉ መሆኑን እይ። ውሃ ከጎደለ ወይም አየር ከያዘ ቫልቩ ሙቀት አይደርሰውም፤ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እንደሆነ ያህል ሚኒሞውን ከፍ አድርጎ ይይዛል። እዚህ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቧንቧ ውሃ ብቻ ስለሚሞላ ዝገቱ ውሃው ወደ ቫልቩ የሚያልፍባትን ቀጭን መተላለፊያ ይደፍናል።

መላሽ 1፦ ትክክል። የስሮትሉን ማቆሚያ ብሎን ግን አትንካ፤ ከፋብሪካ የተስተካከለ ነው። ሱማሌ ተራ ያገለገለ ቫልቭ ብታገኝም አሮጌውን ሳታጥብ አትግዛ።