በቀለም ስደግመው የሚደርቅብኝ እስክስታ

እስክስታ የሚወርዱ ሰዎችን በብዕርና በጥቁር ቀለም እየሳልኩ ነው። ያለኝ ቀለም እየተነከረ የሚሳልበት ባለ ብረት ጫፍ ብዕርና በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ሻካራ የውሃ ቀለም ወረቀት ነው።

በእርሳስ ስነድፈው ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ነፍስ አለው። በቀለም ስደግመው ግን ሰውየው ድርቅ ይላል፤ መስመሩ ሽቦ ይመስላል። ጫን ስል የብዕሩ ጫፍ ተከፍቶ መስመሩ ይወፍራል፤ ይሄ በጣም ደስ ይለኛል። ወደ ላይ ስገፋው ግን ጫፉ ወረቀቱን ይቧጭርና ቀለሙን ይረጫል።

ለስላሳ ወረቀት ሞከርኩ፤ መርጨቱ ቀነሰ፣ ድርቀቱ አለቀቀም። ክንዴን በሙሉ እያንቀሳቀስኩ ቶሎ ቶሎ ስስል ደግሞ እንቅስቃሴው መጣ፣ የትከሻው ቅርጽ ጠፋ።

ቅርጹ ሳይጠፋ መስመሩ እንዲወዛወዝ፣ የእርሳሱን ንድፍ ትቼ በቀጥታ በቀለም ልጀምር ወይስ ጥቂት ምልክት ብቻ ላስቀምጥ?