የበግ ላትና ሰም፣ በአፈሙዙ ለሚጎርስ ጠመንጃ ጨርቅ ቅባት ይሆናል?

የመሐል ሜዳው፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፔንስልቬንያ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ እናቴ ዘንድ መሐል ሜዳ መጥቻለሁ። ጥያቄዬ ስለ አሮጌ ዓይነት ጠመንጃ ነው። እዚያ ከፈረንጆች ገና ማግስት የሚጀምር የአጋዘን አደን አለ። ጠመንጃ ይዞ ለመግባት በባልጩት፣ ማለትም ባሩዱን በሚያቀጣጥል የእሳት ድንጋይ የሚተኮስ፣ በአፈሙዙ የሚጎርስ መሆን አለበት። መጀመሪያ ባሩዱ ይገባል። ቀጥሎ ክብ የእርሳስ አረር፣ ቅባት በነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ በዘንግ ይወርዳል። የኔ በርሜል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ አረሩ 12.4። ክፍተቱን የሚዘጋው ጨርቁ ነው።

አምና ጨርቁን በሞተር ዘይት ነከርኩት። በአራተኛው ተኩስ ዘንጉ አልወርድ አለ። ጥላሸቱ በርሜሉ ውስጥ እንደ ሬንጅ ተጣብቋል። በዚያ ብርድ፣ ጣቴ ደንዝዞ፣ ስፍቅ ዋልኩ። ቀኑም በዚያው አለቀ።

አሁን ለበዓል ከታረደው በግ እናቴ ላቱን አስቀምጣልኛለች። ከሰም ጋር ልቀላቅለው አስቤያለሁ። ስንት እጅ ሰም ይግባ? ጨርቁስ? ጠመንጃው እዚያው ነው፤ እዚህ ያለኝ አንድ ሜትር አቡጀዲ ብቻ ነው።

ደብረ ሲና፦
ወንድሜ፣ ጥፋቱ የሞተር ዘይቱ ነው። ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት ከጥቁር ባሩድ ጋር ሲቃጠል ያየኸው ሬንጅ ይሆናል። ስብ፣ ሰምና የአትክልት ዘይት ግን ጥላሸቱን ያለሰልሱታል፤ ቀጣዩ ጨርቅ ሲወርድ ይጠርገዋል። እኔ ኮሎራዶ ሳለሁ ዓመታት የተኮስኩት በስብና ሰም ነው። ላት ደግሞ ከኩላሊት ስብ ይለሰልሳል፤ ለብርድ አገር እሱን እመርጣለሁ።

ሁለት ነገር አደራ። ጨው እንዳይነካው፤ ጨው በርሜል ይበላል። ውኃም እንዳይቀርበት። ላቱን ደቀቅ ደቀቅ አድርገህ ክተፈው፣ በቀስታ እሳት አቅልጠው። መንጫጫቱን ሲተውና ጸጥ ሲል ውኃው አለቀ ማለት ነው።

ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ ይሁን። ናይሎን ያለበት ይቀልጥና በርሜሉ ላይ ይለጠፋል። አዲስ አቡጀዲ ጨርቁን የሚያደርቅ ስታርች አለበትና በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠበው። ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ ይሁን። ምራቅም ይሠራል፤ ግን ወዲያው ለሚተኮስ ብቻ። አደን ላይ ጎርሶ ለሚውል ጠመንጃ አይሆንም፤ ይደርቃል፣ ያዝጋል።

ከተኮስክ በኋላ ጨርቁን ሄደህ አንሳው። ዳሩ ብቻ ከተተለተለ ደህና ነው። አረሩ የተቀመጠበት ቦታ ከተቃጠለ ወይም ከተበሳ ቅባቱ አንሷል፣ ካልሆነም ጨርቁ ሳስቷል።

የሞላሌ ንብ አናቢ፦
ስለ ጠመንጃው አላውቅም፤ ስለ ሰሙ ግን ልንገርህ። ከሱቅ ጧፍ ገዝተህ እንዳታቀልጥ። ፓራፊን የተቀላቀለበት አለ፤ ፓራፊን ደግሞ ያው የነዳጅ ዘር ነው። ጠጅ ከሚጥሉ ሰዎች ሰፈፍ ጠይቅ። በውኃ ቀቅለህ፣ በጆንያ አጥልለህ፣ ጨምቀህ አሳድረው። ጠዋት ላዩ ላይ እንደ ቂጣ ረግቶ ታገኘዋለህ። ከሥሩ ያለውን ቡናማ ዝቃጭ በቢላ ፍቀው። እሳት ላይ በቀጥታ አታድርገው፣ ይያያዛል። ሰም 62 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ እናንተ ዘንድ ውኃ በ90 ገደማ ይፈላል። ቆርቆሮውን የፈላ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃዋል።

የአንኮበር ልጅ፦
እንግሊዛዊው ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ያመጣው ነፍጥም በአፈሙዙ የሚጎርስ ነበር። ይህን ሳነብ እሱ ትዝ አለኝ። ውጤቱን አሳውቀን።

የመሐል ሜዳው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሠራሁት። እናቴ ጨው ጨብጣ ስትመጣ እጇን ያዝኳት። «ስብ ያለ ጨው?» ብላ ግራ ገባት። በሚዛን አራት እጅ ላት፣ አንድ እጅ ሰም አደረግሁ። አቡጀዲውን በአራት ጣት ስፋት ሸነሸንኩት። ነክሬ ሳወጣው በሁለት ጣቴ መሐል ጨምቄ ሳብኩት፤ ትርፉ ወደ ቆርቆሮው ተመለሰ። ሲቀዘቅዝ ጋዜጣ ላይ ተጫንኩት። ወረቀቱን ትንሽ አወዛው እንጂ አላራሰውም። ከዚያ በላይ ከሆነ ባሩዱን ያበላሻል።

ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ፤ ቆርቆሮው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጠዋት መሐል ሜዳ ላይ እንደ ሳሙና ደርቆ፣ በጥፍር ብቻ ይፋቅ ነበር። ጣርማበርን አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ እንደ ቅቤ ሆነ። ሸዋ ሮቢት ከቀትር በኋላ ስከፍተው ጣቴ ዘልቆ ገባ፣ ጠርዙ ላይ ዘይት አውጥቷል። ከግማሽ ቀን ባነሰ መንገድ ክረምትና በጋን አየሁ። ስመለስ ለሙቀት ሁለት እጅ ላት ባንድ እጅ ሰም ሌላ ቆርቆሮ ሠራሁ። ለታኅሣሡ አደን የመጀመሪያው ነው የሚሻለኝ።

ደብረ ሲና፦
ጎበዝ! ስቡን ግን ይዘህ አትሂድ። የእንስሳ ውጤት ኤርፖርት ላይ ማስመዝገብ አለብህ፣ ሊወስዱብህም ይችላሉ።

የመሐል ሜዳው፦
እሺ ጋሼ። መጠኑን ጽፌ ይዣለሁ፤ ስቡን እዚያው እገዛለሁ። ሁለቱ ቆርቆሮ እናቴ ዘንድ ይቀራል፣ የአባቴን ኮርቻ ታሽበታለች። ከአደኑ በኋላ ያነሳኋቸውን ጨርቆች ፎቶ እዚሁ እለጥፋለሁ።