ለወንድሜ ሠርግ ስመጣ ድሮን ይዤ ልግባ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጥር አዲስ አበባ እገባለሁ፣ የታናሽ ወንድሜ ሠርግ ነው። ከወጣሁ 11 ዓመት ሞላኝ፤ ስመለስ ገና የመጀመሪያዬ ነው። አምና የገዛኋት ትንሽ ድሮን አለችኝ፤ 249 ግራም ናት፣ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። ሠርጉን ላነሳባት አስቤ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ዋናው ጉዳዬ ያደግሁበትን ሰፈር ከላይ ማየት ነው። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ልጅ ነኝ። ፒያሳ ሲፈርስ በስልክ ቪዲዮ ነው ያየሁት። እዚህ አሜሪካ ከ250 ግራም በታች የሆነ የመዝናኛ ድሮን ማስመዝገብ አያስፈልግም። እዚያስ እንዴት ነው? ሞክራችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ከዳላስ፦
ወንድም ዓለም፣ አትጨናነቅ። እኔ ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ አስገባኋት፤ ማንም ምን አላለኝም። ላንጋኖ ላይ አበረርኳት፣ ምን የመሰለ ቪዲዮ አለኝ መሰለህ። ስትገባ ፊትህ እንዳይለዋወጥ ብቻ።

ከፍራንክፈርት፦
ዳላስ፣ ቀንቶሃል። ግን የራስህን ዕድል ለሰው አታበድር።
ስለ ግራሙ አንድ ነገር ልበል። ያቺ 250 የምትባል ቁጥር አሜሪካ ስለለመድናት የዓለም ሕግ ትመስለናለች። እዚህ ጀርመን ካሜራ ካላት 249 ግራምም ብትሆን ባለቤቷ ይመዘገባል፣ ቁጥሩን ይለጥፍባታል፣ የኃላፊነት መድንም ይገባል። እንግሊዝ ደግሞ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ አብራሪው የሚወስደውን ፈተና ከ100 ግራም ጀምራለች። የእናንተው አሜሪካም ቢሆን ከምዝገባው ነፃ አደረገህ እንጂ ከሕጉ ነፃ አላደረገህም፤ ትረስት የሚባለውን ነፃ ፈተና ወስደህ ማስረጃውን መያዝ አለብህ፣ በከፍታም ከ400 ጫማ አታልፍም። ለመሆኑ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነህ የት ነው የምታበራት? ከዋሽንግተኑ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 15 ማይል ዙሪያ ድሮን ክልክል ነው፤ ያንተ ሰፈር እኮ ውስጡ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
አይ፣ ፍሬድሪክ ወዳለ ጓደኛዬ ጋ እየነዳሁ ነው። እሱን ቀድሜ በገንዘቤ ተምሬያለሁ፤ አትጠይቁኝ።

ከአራት ኪሎ፦
ልጆች፣ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነውና ታገሡኝ። አሌክሳንድሪያ 14 ዓመት ኖሬ በ2011 ዓ.ም. ጠቅልዬ የገባሁ ሴትዮ ነኝ።

መጀመሪያ ወረቀቱ። እዚህ አገር ድሮን ማስገባትም ማብረርም ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ የሚጠየቀው ኢንሳ ከምንለው ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ነው፤ ሰማዩን የሚቆጣጠረው ደግሞ ሲቪል አቪዬሽን ነው። ይህ ሁሉ ከአገርህ ሳትነሣ የሚያልቅ እንጂ ቦሌ ወርደህ የምትለምነው ነገር አይደለም። ግራሙን እርሳው። ፍተሻው ላይ ሚዛን ይዞ የሚጠብቅህ የለም፤ ድሮን ድሮን ነው። ፈቃድ ከሌለህ ዕቃህ ጉምሩክ ይቀራል። ስትመለስ እወስደዋለሁ ብለህ በበረራህ ቀን ቢሮ ለቢሮ ስትንከራተት ሠርጉም መልሱም ከልብህ ይወጣል። የካልሲው ዘዴ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በግልጽ የያዘ ሰው «አላወቅሁም» ቢል ይታመን ይሆናል፤ ካልሲ ውስጥ የጠቀለለ ሰው ግን ምን ይላል? ካልሲው ራሱ ይመሰክርበታል።

ቦታውን ደግሞ ልንገርህ። ከቤቴ በረንዳ ቆሜ ፓርላማው ይታየኛል። ትንሽ ወረድ ስትል የምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ ከዚያ ሸራተን፣ ከዚያ ካዛንቺስ ላይ የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ግቢና ብሔራዊ ቤተ መንግሥቱ። በሜክሲኮ በኩል ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት አለ። ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ ማረፊያ በአየር 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሀል ከተማ ላይ ድሮን አንሥተህ ከነዚህ የአንዱን አጥር ሳታነሣ መመለስ ዘበት ነው። እኔ በስልክ ብቻ ሳነሣ እንኳ ሁለት ጊዜ «እማማ፣ አጥፊው» ተብያለሁ።

ስለ አየሩም ማንም አይነግርህም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ እናንተ ካላችሁበት በአምስት አንድ ያህል የሳሳ ነው። የድሮኗ ክንፎች ያንኑ ክብደት ለመሸከም ይበልጥ መሽከርከር አለባቸው፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ነፋስ ሲመጣ የሚተርፋት ጉልበት ያንሳል። በዚያ ላይ ጭልፊቱ! የዚህን ከተማ ጭልፊት ረስተኸው እንደሆነ ሥጋ ቤት በር ላይ ቁምና እየው። ከሰው እጅ ነጥቆ የሚሄድ ወፍ በሰማዩ ላይ እንግዳ ነገር ሲያይ ዝም አይልም። ሩብ ኪሎ ቡና ከአሥረኛ ፎቅ ሠርገኛ ላይ ቢወድቅ ብለህ አስበው። ተጠያቂው ማን ነው? የምትከፍለውስ በየትኛው መድን ነው?

ሌላም አለ፤ ይሄኛውን ሕግ አይጽፈውም። ቃሉ እኛ እዚህ ባለንበት ተቀይሯል። ለአንተ ድሮን ማለት መጫወቻ ነው። የሠርጉ እንግዶች መካከል ግን ከሰሜን ወይም ጦርነት ካለበት ሌላ ቦታ የመጣ ሰው መኖሩ አይቀርም። ያ ድምፅ ከላይ ሲመጣ እሱ የሚያስበው አንተ የምታስበውን አይደለም። አንዲት እናት ድምፁን ሰምታ ነጠላዋን ጥላ ልጇን ስትጎትት አይቻለሁ። ቪዲዮ አንሺው ይቅርታ ለመጠየቅ ሲሮጥ ይብስ አስደነገጣት።

አሁን ወደ ዋናው። የዛሬ ሦስት ዓመት የእህቴ ልጅ ከውጭ መጣ፤ ስሙንም አገሩንም አልጠራም። እንዴት እንዳስገባት አላውቅም፣ ድሮኗ ግን ገባች። ያለንበት ሕንፃ ዘበኛ ጨዋ ሰው ነው። ልጁ መቶ ብር አስጨበጠውና «ጣሪያው ላይ ፎቶ ልነሣ» አለው፤ ከፈተለት። ስድስት ደቂቃ አልበረረችም መሰለኝ። ሰዎቹ ሲመጡ ልጁ ወርዶ ኬክ ቤት ተቀምጦ ነበር። የጣሪያው ቁልፍ ማን ጋ ነው? ዘበኛው ጋ። ወሰዱት። ጣቢያ ሁለት ሌሊት አደረ። እኔ በሳፋ እንጀራ ተሸክሜ ተመላለስኩ፤ ባለቤቴም ዋስ ለመሆን ሥራ ቀረ። ልጁ ቀርቦ ቃሉን ሰጠ፣ ድሮኗን አስረከበ፣ እሑድ ማታ በያዘው ትኬት በረረ። አልፈርድበትም፣ ልጅ ነው። ዘበኛው ግን ሰኞ ሲገባ የሕንፃው ኮሚቴ ማስጠንቀቂያ ጻፈበት። እስከ ዛሬ ሳየው አፍራለሁ።

እና አንተ «ምን ያደርጉኛል?» ብለህ አትጠይቅ። አንተን ምንም ላያደርጉህ ይችላሉ። ጣሪያውን የሚከፍትልህ ማን ነው? መኪናውን የሚነዳልህስ? የማንን ቤት አድራሻ ነው የምታስመዘግበው? ወንድምህ ሙሽራ ነው እኮ፤ ጫጉላውን ጣቢያ እንዳታሳድረው።

ሠርጉ ከላይ እንዲነሣ ከፈለጋችሁ ፈቃድ ያላቸው ቪዲዮ ቀራጮች አሉ። «አለን» ሲሉህ ዝም ብለህ አትመን። ወረቀቱን በዓይንህ እይ፤ ቀኑና ቦታው የሠርጉ ይሁን። ያለፈውን ሠርግ ወረቀት የሚያሳዩ አሉ።

ከዳላስ፦
እትዬ፣ የዘበኛውን ነገር ሳነብ አፈርኩ። የላንጋኖውን ሪዞርት ጥበቃ እኔም ሃምሳ ብር ሰጥቼው ነበር። ያን ጊዜ ጉርሻ መስሎኝ።

ከፍራንክፈርት፦
ማምጣቷ ከቀረ ባትሪዎቹን እንዲሁ ሞልተህ ለወራት እንዳታስቀምጣቸው፤ ያብጣሉ። ግማሽ ያህል አውርዳቸው። ደግሞ ለሌላ ጉዞ ስትይዛቸው ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይሄድም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እትዬ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ድሮኗ እዚሁ ትቀራለች። ለወንድሜ ደውዬ ስነግረው «እኔማ መጀመሪያውኑ እንዳታመጣት ልልህ ፈርቼ ነበር» አለኝ። የቪዲዮውን ነገር ከሚዜዎቹ ጋር እንነጋገራለን። የቀረኝ ሰፈሬን ማየት ነው። ያለ ድሮን ከላይ የሚታይበት ቦታ አለ?

ከአራት ኪሎ፦
እንጦጦ ውጣ። ጥር ላይ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በፊት ድረስ፣ ጭሱ ሳይነሣ። ጃኬት ያዝ፤ ዝፍዝፍ ያደርጋል። ጊዮርጊስን ፈልግና ከዚያ ወደ ታች በዓይንህ ውረድ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ዶሮ ማነቂያ ከዚያ ይታያል?

ከአራት ኪሎ፦
ቦታው ይታያል።