ሳላየው ክሊቭላንድ ቤት ልግዛ ወይ? ምከሩኝ

የሲልቨር ስፕሪንጉ ሾፌር

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ኡበር እነዳለሁ፤ ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች። በስድስት ዓመት ያጠራቀምነው 41 ሺህ ዶላር አለን። በቅርቡ ደግሞ የ20 ሺህ ዶላር እቁብ ይደርሰኛል። በዚህ ብር እዚህ አካባቢ የሚከራይ ቤት መግዛት አይታሰብም።

አንድ የሥራ ጓደኛዬ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ የሚሸጥ ቤት አሳየኝ። ዋጋው 115 ሺህ ነው። ሦስት መኝታ፣ የታደሰ፣ ተከራይም ያለበት፤ በወር 1,250 ትከፍላለች። ሻጩ "አንተ ኪራይ መቀበል ብቻ ነው" ይለኛል። በቪዲዮ አይቼዋለሁ፤ ወጥ ቤቱ ያብረቀርቃል። ባለቤቴ ግን "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ትለኛለች። እኔ ደግሞ 1,250 ሲባዛ በ12፣ 15 ሺህ እያልኩ ሌሊቱን እቆጥራለሁ። ሌላ ስቴት ቤት ገዝታችሁ የምታከራዩ ካላችሁ ምን ትላላችሁ? ልፈርም?

አሌክሳንድሪያዋ

ወንድሜ፣ አትፈርም። ቢያንስ አሁን አትፈርም። እንደዚህ የምልህ በ2019 ልክ እንዳንተ ሆኜ ስለገዛሁ ነው።

የኔም እዚያው ክሊቭላንድ ነው። በ1920ዎቹ የተሠራ የእንጨት ቤት፣ 78 ሺህ ዶላር፣ ኪራዩ 950። እኔም ያየሁት በቪዲዮ ነበር። ቪዲዮ ደግሞ አይሸትም! ቤዝመንቱ እርጥበት እርጥበት የሚል ሽታ እንዳለው ያወቅሁት ከገዛሁ በኋላ ስሄድ ነው። የፍሳሹ ቱቦ የድሮ ሸክላ ነበር፤ የዛፍ ሥር ገብቶ ሞልቶታል። በአራተኛው ወር ቆሻሻው ተመልሶ ቤዝመንት ውስጥ ወጣ። 6,200 ዶላር ከፈልኩ። ሳልገዛ በፊት ቱቦውን በካሜራ ባሳይ ኖሮ 200 ዶላር ቢያስወጣኝ ነው። ሳልገዛ በፊት ቤቱን የመረመረልኝን ኢንስፔክተር "ለምን አልነገርከኝም?" ብለው "ካሜራ አላዘዝሽም" አለኝ። ውሉን ሳየው እውነቱን ነው።

ጥር ላይ ማሞቂያው ሞተ። እዚያ አገር ጥር ላይ "እስከ ሰኞ ታገሱ" አይባልም። 3,800። ከዚያ ተከራይዋ ለቀቀች፣ ቤቱ ሦስት ወር ባዶውን ቆመ።

አንተ መቁጠር የምትወድ ትመስላለህና የመጀመሪያ ዓመቴን ላስቆጥርህ። የዘጠኝ ወር ኪራይ 8,550 ገባ። ቤቱን የሚያስተዳድርልኝ ሰው 10 በመቶ፣ ማለትም 855 ወሰደ። አዲስ ተከራይ ስላስገባ ደግሞ የአንድ ወር ኪራይ፣ 950። የቤት ታክስ 1,900፣ ኢንሹራንስ 1,100፣ ቱቦና ማሞቂያ 10 ሺህ። የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ ሳይጨምር 6,255 ዶላር ከኪሴ ወጣ። ያን ዓመት ለእናቴ የበዓል ብር የላክሁት ተበድሬ ነው።

አሁን ቤቱ ደህና ነው፣ ያተርፋልም። ያዳነኝ ግን ሁለተኛዋ ማኔጀር ናት። የመጀመሪያው አምፑል ለመቀየር 145 ዶላር የሚጠይቅ ሰው ነበር። ሁለተኛዋን ስቀጥር ጠየቅሁ፦ ስንት ቤት ትይዣለሽ? የሚጠግንልሽ ማነው? ለሌላ ደንበኛ የላክሽውን የሦስት ወር ሂሳብ፣ ስሙን ሸፍነሽ አሳዪኝ። ከ300 ዶላር በላይ ሳታስፈቅደኝ እንዳታወጣ በውሉ አስገባሁ። ከጥገና በፊትና በኋላ ፎቶ ትልክልኛለች። ስለዚህ ቤት ከመፈለግህ በፊት ይህችን ዓይነት ሰው ፈልግ። ቤቱን ሳትገዛ በፊት ሄዳ እንድታይልህም ከፍለህ ላካት። "ይህን ቤት አልይዝም" ካለችህ አለቀ፣ ሌላ ኢንስፔክሽን አያስፈልግህም።

ደግሞ ራስህ ሂድ። ስድስት ሰዓት መንገድ ነው፤ አንተ በቀን የምትነዳውን ያህል። ክሊቭላንድ ውስጥ ሰፈር ሳይሆን መንገድ ነው የሚለያየው። የኔ ቤት በ2007 እና 2008 በደረሰው የቤት ዕዳ ቀውስ ክፉኛ ከተመቱት ሰፈሮች አንዱ ውስጥ ነው። የኔ መንገድ ላይ መስኮታቸው በጣውላ የተዘጋ ቤቶች አሉ። ሁለት መንገድ አልፈህ ስትሄድ ሰው በረንዳው ላይ አበባ ያጠጣል። በማስታወቂያ ሁለቱም አንድ ሰፈር ናቸው። ቀን ብቻ አትይ፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይም መኪናህን አቁመህ እይ። ጎረቤትም አነጋግር። እኔ በኋላ ነው ከማዶ ያሉትን አሮጊት ያነጋገርኳቸው። ያ ቤት በሁለት ዓመት ሦስት ተከራይ ማሳለፉን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

"ተከራይ አለበት" የሚለውንም ዝም ብለህ አትመን። ውሉን፣ የ12 ወር የአከፋፈል ታሪኳን፣ ምን ያህል እንደምትከፍልና ምን ያህል ማስያዣ እንደሰጠች ራሷ የፈረመችበትን ወረቀት ጠይቅ። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ክሊቭላንድ ውስጥ ሲከራይ የሊድ (መርዛማው እርሳስ ያለበት) ቀለም ምርመራ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ ከተማው በ2019 ያወጣው ሕግ ነው። ሻጩ ወረቀቱ ከሌለው ወጪው ወዳንተ ይመጣል።

ወረቀት አገላባጭ

ስለ ቤቱ እህታችን ጨርሳዋለች። እኔ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ላይ ስለምሠራ ስለ እቁቡ ልናገር። ብዙ የኛ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ባንኩ የሁለት ወር የሂሳብ መግለጫህን ያያል። ድንገት 20 ሺህ ዶላር ከገባ "ከየት መጣ?" ይላል፤ እቁብ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ደግሞ ቁጭ ብለህ ታስተምራለህ። ስለዚህ መዋጮህን በካሽ ሳይሆን በባንክ ክፈል፤ በየወሩ ሲወጣ ይታይልሃል። ሲደርስህም በባንክ ተቀበል፣ ከማመልከትህ ከሁለት ከሦስት ወር በፊት ሂሳብህ ውስጥ ይቀመጥ። በካሽ ከሆነ ደግሞ እንዳለ አንዴ አስገባው። ከ10 ሺህ በላይ ሲሆን ባንኩ ለመንግሥት ያሳውቃል፤ ምንም አይደለም። ይህን ፈርተህ ከፋፍለህ ካስገባህ ግን እሱ ነው ወንጀሉ።

የኡበር ገቢህ የሚታሰበው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመት ታክስህ ይታያል። የነዳኸውን ማይል ሁሉ እንደ ወጪ ቀንሰህ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ለአይአርኤስ "18 ሺህ ነው ያገኘሁት" ካልክ፣ ባንኩም ከዚያ ቁጥር ነው የሚነሳው። ለሚከራይ ቤት አብዛኛው ሰው ከ20 እስከ 25 በመቶ ቅድመ ክፍያ ያደርጋል፣ ወለዱም ከምትኖርበት ቤት ከፍ ይላል። ወለድ ለመቀነስ "ልኖርበት ነው ብለህ ፈርም" የሚልህ ሰው ካለ ሽሸው። እሱ ማጭበርበር ነው፣ የሚጠየቀው ደግሞ የፈረመው ነው። ብሩን ሁሉ ጠርገህ ቅድመ ክፍያ ላይ አታፍስስ፤ የስድስት ወር ክፍያ በእጅህ እንዲቀር ሊጠየቅ ይችላል።

ከኢንዲያና

አጭር ነገር ልጨምር። እኔ ኢንዲያናፖሊስ ነው ያለኝ። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ታክስ አይቼ ገዛሁ። ለካ የድሮው ባለቤት ይኖርበት ስለነበር ነው ያነሰው። ኢንዲያና ውስጥ ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ታክስ ከቤቱ ዋጋ ግምት 1 በመቶ አይበልጥም፤ የሚከራይ ከሆነ ጣሪያው 2 በመቶ ነው። በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤው ሲመጣ ቁጭ አልኩ። የኦሃዮ ሕግ ሌላ ነው፤ ግን አንተም ካውንቲው ጋ ደውለህ "ባከራየው ስንት ይሆናል?" ብለህ ጠይቅ። ታክስ ስታሠራም ከሜሪላንድ ሌላ የኦሃዮ ፎርም እንደሚመጣብህ ለሠራተኛው ንገረው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ሾፌር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ሌሊት እንደ አዲስ ቆጠርኩ። 25 በመቶ ከፍዬ 86,250 ብበደር፣ በ7 በመቶ ለ30 ዓመት፣ በወር 574። ታክስና ኢንሹራንስ 330 ገደማ። ማኔጀር 125። በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢሆን ለወሩ 104። ለጥገና 150 ባስቀምጥ በጠቅላላ 1,283 ሆነ። ኪራዩ 1,250። ማለት በየወሩ 33 ዶላር እየከፈልኩ አከራይ ልባል ነው! ለባለቤቴ ሳሳያት ምንም አላለችም። እሱ ነው የባሰው።

ሻጩ ጋ ደውዬ ቱቦውን በካሜራ ላሳይ አልኩት። "ሌላ ገዢ ቆሟል፣ እስከ ረቡዕ ካልፈረምክ አልጠብቅህም" አለኝ። እህቴ፣ ምን ልበለው?

አሌክሳንድሪያዋ

ለሌላው ገዢ ይስጠው። አንተ ግን አርብ ሂድ፣ ባለቤትህንም ይዘሃት ሂድ። ማኔጀሬን አገናኝሃለሁ፤ የምታውቃቸውን መንገዶች ታሳያችኋለች፣ በዚያው ሌሎች ቤቶችም ታያላችሁ። ቤንዚን ከሜሪላንድ ሳትወጣ ሃንኮክ ላይ ሙላ፤ ፔንሲልቬኒያ ከገባህ ይወደድብሃል።