«ሴር» እና «ኤስታር» ግራ አጋብተውኛል፣ እባካችሁ አስረዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ስፓኒሽ መማር ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። «ሴር» እና «ኤስታር» የሚባሉት ግሶች ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ፤ ሁለቱም ለእኔ «ነው» ናቸው። ለቋሚ ነገር ሴር፣ ለሚለዋወጥ ኤስታር ብዬ ነበር የያዝኩት። ታዲያ የሞተ ሰው ለምን በኤስታር «ኤስታ ሙዌርቶ» (ሞቷል) ይባላል? ከሞት የበለጠ ቋሚ ምን አለ?

ቦታ ሲሆን ደግሞ ባሰብኝ። «ማድሪድ ኤስታ ኤን ኤስፓኛ» (ማድሪድ ስፔን ውስጥ ነው) ይላሉ፤ ከተማ መቼም ከቦታው አይነሳም። ድግስ ሲሆን ግን በሴር «ላ ፊዬስታ ኤስ ኤን ሚ ካሳ» (ድግሱ እኔ ቤት ነው)! «ኤስ አቡሪዶ» አሰልቺ ነው፣ «ኤስታ አቡሪዶ» ሰልችቶታል መሆኑ ብቻ ገብቶኛል።

«ቋሚና ጊዜያዊ» የሚለውን ትቼ በምን ልያዘው? በተለይ የድግሱን ነገር በአማርኛ ምሳሌ የሚያስረዳኝ ካለ በጣም አመሰግናለሁ፤ ሐሙስ ፈተና አለብኝ።