እናቴ እጮኛዬን አልቀበልም አለች፤ ምን ልበላት?

የሆጤ ልጅ (ሚኒሶታ)፦
ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ጥር ላይ ላገባ ነው። እጮኛዬ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደገች፣ ጸሎት የማታስታጉል ልጅ። እናቴ ፎቶዋን አይታ «ከነሱ ጋር ምን አገናኘህ? እኛ እኮ ጥቁር አይደለንም» አለችኝ። መድኃኔዓለምን ሳትሳለም የማትውል እናት ናት። ምን ብዬ ላስረዳት? ደግሞስ በቤተ ክርስቲያናችን ለመጋባት ምን ያስፈልገናል?

ቦርከና (ቨርጂኒያ)፦
ወንድሜ፣ የዚህን አገር አሠራር ልንገርህ። በ2020ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ «ጥቁር» በሚለው ሥር በምሳሌነት ከተዘረዘሩት አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ነው። ከሶማሌውና ከናይጄሪያዊው ጋር ማለት ነው። ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆምህም አገርህን አይጠይቅም። በሩን የከፈተልን የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግም የወጣው በነሱ የመብት ትግል ዘመን ነው። ይህን ለእናትህ ንገራት።

የአራዳዋ (ደሴ)፦
እናቱ ስለ ቅጽ ምን አገባት? እዚህ ያለነውን ጠይቁን እንጂ። በ2014 ከተማው ሲያዝ ተሰደን ኖረን ስንመለስ ቤታችን ባዶ ነበር። ያቆመን ከውጭ የተላከልን ብር ነው። ልጄ የባዕድ አገር ሴት ካገባ ይረሳኛል ብላ ብትሰጋ ይፈረድባታል? የልጅ ልጇ በስልክ በአማርኛ «አያቴ» ካላላት ምን ይቀራታል?

ጦሳ (ሲያትል)፦
እህታለም፣ ስጋቷ ይገባኛል። ግን እሷ ያለችው «ትረሳኛለህ» አይደለም። ዘኍልቁ ምዕራፍ 12ን አብራችሁ አንብቡ። ሙሴ ኢትዮጵያዊት አገባ። ገዛ እህቱ ማርያም በሚስቱ ምክንያት አማችው። እግዚአብሔር የተቆጣው በሙሴ አይደለም፣ በማርያም ነው። ለምጽ ወጣባት፣ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች። ያን ጊዜ የተጠላችው ሙሽራ የኛ ወገን ነበረች። ታዲያ ዛሬ እኛ በማርያም ቦታ እንቁም? ሰውን ሁሉ ከአንድ የፈጠረ አምላክ ፊት ይህን ይዘን መቅረብ አንችልም።

የአራዳዋ፦
ወሎን ዘረኛ አታድርጉብን! እስላም ክርስቲያኑ ተጋብቶ፣ በአንድ ቤት የሚኖርበት አገር ነው።

ጦሳ፦
እሱ እውነት ነው፣ እኔም የኮራሁበት ነው። ግን በዚያው ቤት ጠቆር ያለውን ልጅ «ባሪያ» ብለው ሲጠሩት ሰምተን አድገናል። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። አያቶቻችን የኖሩበት ዘመን ነው። ይህን ንስሐ ያልገባንበትን ነገር ይዘን ነው አሜሪካ የገባነው።

ቦርከና፦
ወንድም ጦሳ፣ የተዘጋ ቁስል ምን ያስነካሃል? ጥያቄው ስለ ጋብቻ ነው።

ጦሳ፦
አልተዘጋማ! ቢዘጋ ይህቺ ልጅ በፎቶ ብቻ ትናቅ ነበር?

የሆጤ ልጅ፦
ምዕራፉን እሁድ ደውዬ አነብላታለሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ጉዳይ የሚያውቅ ግን የለም?

ቦርከና፦
በቁርባን ከሆነ እሷም በተዋሕዶ መጠመቅ አለባት። የቀረውን የንስሐ አባትህን ጠይቅ። አንተ ጦሳ ግን ወሎን በአደባባይ መክሰስህን አልቀበልም።