ዜኒት ኢ፦ 1/500 ላይ የፎቶው አንድ ጎን ይጨልማል

ጤና ይስጥልኝ። የድሮ የሩሲያ ካሜራ ፈታታችሁ የምታውቁ፣ በተለይ ሐዋሳ ያላችሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ።

ካሜራው ዜኒት ኢ፣ ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ነው። በ1/30 እና በ1/60 ሰከንድ ፍጥነት ፎቶው እኩል ይወጣል፤ 1/250 ላይ የአንዱ ጎን ጠርዝ ደብዘዝ ይላል፤ 1/500 ላይ ሲሶው ድብን ብሎ ይጨልማል። ሌንስ ሲቀየርም ያው ነው። በአንዱ ጥቅል ፊልም ላይ ፍጥነቱ ሲጨምር ብቻ ስለሚመጣ የአጠባ ችግር አይደለም። ፊልም ሳይገባበት ጀርባውን ከፍቼ ወደ ነጭ ግድግዳ ሳነሳ፣ በዚያ ጎን ብርሃን አያልፍም። ከፊልሙ ፊት ተከታትለው ከሚሮጡት ሁለት የጨርቅ መጋረጃዎች፣ ብርሃን የሚከፍተው የመጀመሪያው ቅባቱ ደርቆበት ሲዘገይ ሁለተኛው ደርሶበት ክፍተቱን የሚዘጋው ይመስለኛል።

ጥያቄዬ፦ የታችኛው ሽፋን ሲነሳ የሚገኙትን የመጋረጃዎቹን የስፕሪንግ ማወጠሪያዎች ላጥብቅ ወይስ አስቀድሜ መጋረጃዎቹ የሚጠቀለሉባቸውን ዘንጎች ላጽዳ? ከጠበቀስ የትኛው፣ በምን ያህል ዙር? በደረቀ ቅባት ላይ ውጥረት መጨመር ያረጀውን ጨርቅ እንዳይጎዳው እሰጋለሁ።

በዝግታ ፍጥነት ብቻ ተጠቀም እንዳትሉኝ። ሄሊዮስ ኤፍ 2 ላይ (የሌንሱ ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ሲከፈት) ከሰው ጀርባ ያለውን ቅጠል ክብ አድርጎ ሲያዞረው ነው ውበቱ፤ ለዚያ ደግሞ ሐይቁ ዳር በሾላው ጥላ ሥር፣ የብርሃን ስሜቱ 100 በሆነ ፊልም እንኳ፣ 1/500 ገደማ ያስፈልጋል።